ያቋረጡት ሰዎች

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ የሳንባ ነቀርሳ መርፌ ለአገሩ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ከከተማው ዳር ባለው የነቀርሳ ሆስፒታል አንዲት መበለት የካርድ ክፍል መዝገብ ያዥ ነበረች፤ ሕክምናውን ትቶ በቀረ ሰው ካርድ ላይ "አቋረጠ" ብሎ መጻፍ የእሷ ሥራ ነበር፤ ይህንኑ ቃል በገዛ ባሏ ካርድ ላይም ጽፋለች። ባሏ ግንበኛ ነበር፤ ሳሉ ሲተወው መርፌውን ተወ፤ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ከዚያ ወዲህ በሽታው ይጋባብናል ብሎ ሰው ሸሻት፤ ታናሽ እህቷ እንኳ ከደጃፍ ቆማ አነጋግራ ትመልሳት ጀመር።

የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም በየዓመቱ "ሕዝቡ ቸልተኛ ነው" እያሉ ለሚኒስቴሩ ይጽፉ ነበር። እሷ ግን ባሏን ታውቀዋለች፤ ቸልተኛ ሰው አልነበረም። እሑድ እሑድ ከካርዶቹ ላይ አድራሻ እየቀዳች፣ ብቻዋን በእግሯ የጠፉትን ትፈልግ ጀመር፤ አንዳንዱ በሩን ዘጋባት፤ አንዳንዱ ቤት የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነበር።

አንድ ልብስ ሰፊ ግን አስገባት።

"ልትቆጪኝ ነው የመጣሽው?"

"የለም፤ ለምን እንደቀሩ ልጠይቅዎት ነው።"

ሰውየው በርጩማ አቀረበላት። "እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም፣ እህቴ። መርፌው የሚሰጠው ጠዋት ነው፤ ጠዋት ከሥራ ከቀረሁ አሠሪዎቼ የስፌት መኪናዬን ለሌላ ሰው ይሰጡብኛል።"

በዓመቱ የመቶ አርባ ሰዎችን ቃል ይዛ ዋናው ሐኪም ፊት ቆመች።

"ለመሆኑ አንቺ ሐኪም ነሽ?"

"አይደለሁም፣ ጌታዬ። ነገር ግን ዘጠና አንዱ የነገሩኝ ስለ ሰዓትና ስለ መንገድ ነው።"

ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም በአንድ ሰፈር ጤና ጣቢያ መርፌው ከሥራ መውጫ በኋላ እንዲሰጥ፣ በሌላው ሰፈር እንደ ቀድሞው እንዲቀጥል አዘዙ፤ ቆጠራውን ለእሷ ሰጧት። በዓመቱ መጨረሻ ሰዓቱ ካልተለወጠበት ሰፈር ግማሹ እንኳ ሕክምናውን አልጨረሰም ነበር፤ ከተለወጠበት ግን ከአሥሩ ስምንቱ ጨረሱ።

ሐኪሙ ውጤቱን ለሚኒስቴሩ ጻፉ፤ አገር አቀፍ የነቀርሳ ዕቅድ ሲታወጅ ሰዓቱ በየጤና ጣቢያው ተለወጠ።

"ስምሽን ጽፌው ነበር፤ ከላይ ሰረዙት" አሏት ሐኪሙ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

"ሰዓቱን አልሰረዙትም አይደል?" አለች።

አዋጁን በራዲዮ የሰማችው በክፍሏ ብቻዋን ነው፤ ደስታዋን የምትነግረው ሰው አልነበራትም።

ታሪክ የዕቅዱን ቀንና የፈራሚዎቹን ማዕረግ መዝግቧል። ከሥራ መልስ በየጤና ጣቢያው የተሰለፉት ሰዎች ግን ማንንም አላመሰገኑም፤ ሰዓቱ ከጥንትም እንዲሁ የነበረ ይመስላቸው ነበር።