ሁለተኛው እሳት

ሐጂ ኦኑርን ብረት መቀጥቀጫ መስፋቸው ስር ተዘርረው ያገኛቸው አጎቴ ኦሃጅ ነው፤ ደረታቸው ላይ የተሰካው ቢላ ደግሞ የራሱ የኦሃጅ ቢላ! ወላሂ አልዋሽም። ደማቸው ከከሰሉ ጋር ተቦክቶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፣ ዝንቡ ወሯቸዋል፣ አፋቸው አንድ ነገር ሊናገሩ እንደነበር ሁሉ ተከፍቶ ቀርቷል።

ቆይ ከሥሩ ላውራችሁ። ኦሃጅ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ሚስማር ሲመታ እንኳ የሚመታው አውራ ጣቱን ነው። ግን የሐጂን ልጅ ሲትናን ይወዳል፣ በጣም፣ ስሟ ሲነሳ ጆሮው ራሱ ይቀላል። ካሰላ ገበያ ውስጥ ከሐጂ የሚበልጥ ቢላ ሠሪ ስለሌለ ሐጂም ኮሩበት፦ «ልጄን የሚወስድ፣ ክንዱ ላይ የሚያስረውን ቢላ በገዛ እጁ ይሠራል» አሉት። እሱም የጭነት መኪና ባሌስትራ ቁራጭ ተሸክሞ መጣ! ሁለት ጊዜ አጣመመው፣ አንዴ አቃጠለው፣ ጸጉሩም ተለበለበ። በመጨረሻ ግን ቢላው ቢላ መሰለ። እንደ መስታወት ያብረቀርቃል።

ጎረቤታቸው ሰገባ ሰፊው ሐዳብ ልኩን ሊወስድ ቢላውን ተቀበለው። ሐዳብ እሱም ሲትናን ጠይቆ ሐጂ እምቢ ያሉት ሰው ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ሲስቅና ሲቀልድ ነው የምናየው፤ እኔማ ረስቶታል ብዬ ነበር።

ያን ቀን በቀትር ሙቀት ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰው ተኝቷል። ኦሃጅ ሐጂ ጋ ሲገባ ያንን አየ፣ ቢላውን ሊነቅል እጀታውን ያዘ። በዚያው ቅጽበት የሐጂ ረዳት አዳሮብ ገባና ጮኸ። ከዚያማ ገበያው በሙሉ! በዱላ፣ በጫማ፣ በድንጋይ፤ አጎቴ ጥርሱ ሲረግፍ በዓይኔ አይቻለሁ። የሐጂ ሁለት ወንዶች ልጆች ሰይፋቸውን መዘው መጡ። ፖሊሶች አጎቴን አንድ ሱቅ ውስጥ ከተቱትና በሩን ቆለፉበት።

ኢንስፔክተር ሸሪፋ ያኔ ነው የደረሰችው። ወፍራም፣ ቀስ ያለች፣ ሁሌ የሐብሐብ ፍሬ የምትፈረክስ ሴት ናት። የገበያው ሽማግሌዎች ልጆቹን በስንት ልመና እስከ መግሪብ ጸሎት፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እንዲታገሱ አደረጉ። ልጆቹ ግን ከመግሪብ በኋላ ቁልፍም አያድነውም፣ ደሙን በደም እንመልሳለን አሉ። ሸሪፋ ፍሬዋን ተፍታ «እሺ፣ ይበቃኛል» አለች።

መጀመሪያ አጎቴን አየችው። አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

«ቢላህ አልቆ ነበር?»

«አላለቀም። እንደጋለ ዘይት ውስጥ ነክሬዋለሁ። ሁለተኛው እሳት ቀርቶታል። ሐጂ ዛሬ ከቀትር በኋላ ና ስላሉኝ ነው የመጣሁት።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እሳቸው፣ እኔ፣ አዳሮብ። ወናፉን የሚነፋልን እሱ ነበር።»

አዳሮብ ተራው ሲደርስ ላብ በላብ ሆነ፤ ያን ጠዋት ሐጂ ሰው ፊት በጥፊ መትተውት ነበርና። እኔ ልቤ እሱ ነው፣ እሱ ነው ይላል። እሱ ግን ጥፊውን አልካደም። አባቴ ናቸው፣ አባት ይመታል አለ፤ አለቀሰም። ሐዳብ ደግሞ ቢላውን ትናንት ለሐጂ በእጃቸው መለስኩ፣ ከዚያ በቀትር ተኛሁ አላት። ቀለል ብሎ ነው የሚያወራው። «ኢንስፔክተር፣ ፍሬውን ቀንሺ፣ ጥርስሽ ያልቃል» ብሎም አሾፈባት። እሷም ሳቀች። ክንዱን ግን ረዘም አድርጋ አየችው።

ከዚያ አስከሬኑ ያለበት ሆስፒታል ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ተቀይሯል።

ጀንበሯ ወደ ተካ ተራራ ስታዘቀዝቅ ሁላችንንም ሐጂ ሱቅ ደጃፍ ሰበሰበችን። ሰይፎቹ ሰገባቸው አልገቡም፣ ሲትና ጥቁር ለብሳ ቆማለች። ሸሪፋ ቢላውን በአንድ እጇ፣ ሞረድ በሌላው ያዘች።

«ገዳዩ ሐጂን ደጋግሞ ነው የወጋው» አለች። «አንዱ ምት የጎድን አጥንታቸውን እንደ ሸንኮራ ቆርጦታል። ይኸው ቢላ ግን ጫፉ እንኳ አልተጎዳም። አዳሮብ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ሁለተኛ እሳት ያላየ ብረት ምን ይሆናል?»

«ብርጭቆ» አለ አዳሮብ።

ሞረዱን ስለቱ ላይ ሳበችው። አልነከሰውም፣ ብርጭቆ ላይ እንዳለ ተንሸራተተ። ከዚያ ከሥጋ ሻጩ ያስመጣችውን የበግ አጥንት መስፉ ላይ አድርጋ ቢላውን በኃይል አሳረፈችበት። ቀጭ! ቢላው ለሁለት ተሰበረ፣ ስባሪው በጆሮዬ አጠገብ ፉጨቱን ለቆ አለፈ። አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ። ስንት ለፍቶበት!

«ስለዚህ ሐጂን የገደለው ይህ አይደለም» አለች። «በሌላ ቢላ ተገደሉ፤ ይህኛው ኋላ ቁስላቸው ላይ ተሰካ፣ ኦሃጅ እንዲከሰስበት። ታዲያ ማን ነው? ኦሃጅ ገዳይ ቢሆን በራሱ ላይ ማስረጃ ለምን ይተክላል? አዳሮብ ቢሆን፣ ይህ ቢላ አጥንት ካገኘ እንደሚሰበር ያውቃል፤ ሱቁ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ቢላዎች ሌላ ይመርጥ ነበር። የመረጠው ሰው ብረቱ ሲያብረቀርቅ አይቶ አለቀ ያለ ነው። ሰገባ ሰፊ ስለቱን ያያል እንጂ እሳቱን አያይም።»

ሁሉም ወደ ሐዳብ ዞረ።

«ወሬ ነው» አለ ሐዳብ። አሁን አልሳቀም።

«ክንድህን አንሳ። ፀሐይ ያልነካው ቆዳህ ሦስት ጣት ስፋት አለው። የሰገባህ ማሰሪያ ግን አንድ ጣት ነው፣ አዲስ ነው። አሮጌውን ሰገባ ስንት ዓመት አስረኸው ዛሬ ለምን ጣልከው? ብረት ይታጠባል፣ ደም የጠጣ ቆዳ ግን አይታጠብም። ፖሊሶቼ ቤትህ ጓሮ ከአመድ ውስጥ እየቆፈሩ ነው።»

ሐዳብ የክንዱን ቢላ መዘዘ! ቀጥታ ወደ ኦሃጅ፣ «እሷን ለዚህ ለጣት ቀጥቃጭ ሰጡብኝ» እያለ። አዳሮብ መሐል ገባና ቢላው መዳፉን ሰንጥቆ አለፈ፤ በደማው እጁ እንደያዘ ሐዳብን መስፉ ላይ ጣለው፣ ግንባሩ ብረቱን መታ፣ ፈነዳ። የሐጂ ልጆች ሰይፋቸውን አነሱ። ያስቆመቻቸው ሲትና ናት።

«ዛሬ በዚህ ደጃፍ የፈሰሰው ደም ይበቃል። ሕግ ይውሰደው» አለች።

ፖሊሶቹ እየጎተቱ ሲወስዱት የመግሪብ አዛን ጀመረ። አንዱ ፖሊስ ሮጦ መጣ፤ እጁ ላይ ግማሹ የተቃጠለ፣ ውስጡ በደም የጠቆረ ሰገባ።

ወንድሞቿ አጎቴ ፊት ቆመው ትከሻውን ነኩት፣ ይቅርታ ነው። ሲትና ስባሪውን ከመሬት አነሳች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው። እኔ፣ ልብ በሉልኝ፣ አሁን ታቅፈዋለች ብዬ ጠበቅኩ! እሷ ግን ያበጠ ዓይኑን አይታ እንዲህ አለችው፦

«አባቴ ቢላ ይሥራ ነው ያለው። የተሰበረ አይቆጠርም።»

አጎቴም በተሰነጠቀ ከንፈሩ ፈገግ አለ፣ ወደ አዳሮብ ዞረ። አዳሮብ መዳፉን በጨርቅ እየጠቀለለ ነበር።

«ይህ ሲድን ወናፉን ትነፋልኛለህ?»

«እነፋልሃለሁ» አለ አዳሮብ። «ሁለተኛውን እሳት ግን እኔ ሳልቆም አታነድም።»