ሞቷል ያልሁት በሬ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ በሕልሜም አይደለም። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን ያኔውኑ ጽፌዋለሁ። ደብተሩ አሁንም በእጄ አለ።

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን 1961 ዓ.ም.። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

ቦታው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም መስመር፣ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ መንደር ነው። ስሙን አልጠራም። የሰዎቹ ዘመዶች ዛሬም እዚያው አሉ።

ፀሐይ ነበረች። ጨለማ አትጠብቁ።

ያኔ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ከጀመርሁ ገና አራተኛ ወሬ ነበር። ዱርቤቴ በምትባል አገር ከከብት ጋር ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ ትምህርቱ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። አልቀለለኝም። የመጀመሪያውን ወር መድኃኒት የሚባል ነገር አላስነኩንም። በየማለዳው አንዲት ላም ትታሰርልናለች፤ የልቧን ምት፣ ትንፋሿንና ሙቀቷን እንለካለን። መቁጠር፣ መጻፍ። ደግሞ መቁጠር፣ ደግሞ መጻፍ።

መቁጠሩ ከጋጣው ወጥቶ ተከተለኝ።

ጓደኞቼ ሲተኙ ትንፋሻቸውን እቆጥራለሁ። ቅዳሴ ላይ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ትከሻው ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንዳለ እቆጥራለሁ። እንጀራ ስጎርስ ስንት ጊዜ እንዳላመጥሁ አውቃለሁ። እጄ ሬሳ የሚቆይበት ፎርማሊን ይሸተኛል፤ ባጥበው አይለቅም። ሌሎቹ ተማሪዎች ቀስ በቀስ ለመዱት። እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

በጥር መጀመሪያ ለተግባር ልምምድ በተኑን። እኔን ቡሬ፣ አቶ ክንፈሚካኤል የሚባሉ የከብት ጤና ሠራተኛ ዘንድ ላኩኝ። ሲስቁ ታይተው የማይታወቁ ሰው ነበሩ። ማክሰኞ ዕለት ክትባት ሊያመጡ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲነሱ ጠሩኝ።

"አባ ሰንጋ ገብቷል እየተባለ ነው። አባ ሰንጋ የያዘውን ከብት ምን ታደርገዋለህ?"

"ካራ አላስነካውም፣ ጌታዬ። ሲሞት ጥልቅ ጉድጓድ፣ ኖራና አመድ፣ ከላዩ እሾህ።"

"ሥጋውስ?"

"ማንም አይቀምሰውም።"

"የቀመሰ ሰው ከሞተ፣ ስሙን በደብተርህ የምትጽፈው አንተ ነህ።" በቅሏቸው ላይ ወጡ። "ደግሞ ያየኸውንና የሰማኸውን ብቻ ጻፍ። የመሰለህን አትጻፍ።"

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ መልእክተኛ መጣ። አያ ይሄይስ የሚባሉ ገበሬ ለልጃቸው ሠርግ ያደለቡት በሬ ወድቋል። ሠርጉ እሑድ ነው።

ስደርስ ሰው ከብቦታል። ቀይ ቦቃ በሬ ነው። አንገቱ ሥር አብጧል። ከአፍንጫው ጥቁር ደም ይወርዳል። በስንጥር ነካ አድርጌ አየሁት... አይረጋም። ሙቀቱን ለካሁ፤ አርባ አንድ ተኩል።

አባ ሰንጋ ነው።

አንዲት ልጅ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ አጠገቡ ተቀምጣለች። ሙሽራዋ ናት፤ አቻምየለሽ ትባላለች። ዓመት ሙሉ እያጨደች፣ ጨው እያላሰች ያደለበችው እሷ ናት አሉኝ።

አባቷ አያ ይሄይስ ካራቸውን ስለው ቆመዋል።

"እስቲ ዞር በልልኝ፣ ሐኪሙ። ነፍሱ ሳትወጣ ልባርከው።"

"አይታረድም፣ አያ ይሄይስ። የበላው ሰው ሁሉ ይታመማል። ይሞታል።"

"አባቴም አያቴም የታመመ ሲበሉ ነው የኖሩ። ማንም አልሞተ።"

"ተወው እንጂ ይሄይስ፣" አለ ከኋላ አንዱ። "ሻኛውን ለእሱ አድርጉለት፤ ያኔ በሽታው ይጠፋዋል።"

ሰው ሳቀ። አምና በግብር ሰበብ በአገሩ ብዙ ነገር ሆኖ ስለነበር የመንግሥት ቦርሳ የያዘ ሰው ቃል አይሰማም።

ነገሩ ይገባኛል። ካራ ሳይነካው የሞተ ከብት በክት ነው፤ ክርስቲያን አይበላውም። ስለዚህ ከብት በጠና ሲታመም ቤተሰቡ ሁሉ ካራ ይዞ ይሮጣል። ከሞት ቀድሞ ለመድረስ ነው። በአባ ሰንጋ ጊዜ ሰው የሚያልቀው በዚያች ሩጫ ነው።

በዚህ መሀል በሬው እግሩን ዘረጋ።

ሆዱ መንቀሳቀስ አቆመ።

የአያ ይሄይስ እጅ ከነካራው አየር ላይ ቀረ።

"ቆይ፣ ይሄይስ፣" አሉ ቄስ ገብረሰንበት። የአካባቢው የንስሐ አባት ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። "ወጣች መሰለኝ። ከወጣች በክት ነው። የልጅህን ሠርግ በበክት አታርክስ።"

"አልወጣችም፣ አባ። አሁን እኮ ነው የተነፈሰ።"

"እኔም አላይ፣ አንተም ቸኩለሃል። ይህ ልጅ ጆሮው ላይ የሚሰካው ነገር አለው። ይስማና ይንገረን። እሱ ያለው ይሁን።"

ተንበረከክሁ። የልብ ማዳመጫውን ከግራ ክንዱ ኋላ አስጠጋሁ።

ዱብ... ዱብ... ዱብ...

ይመታል።

ሰዓቴን እያየሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርሁ። ስልሳ ሁለት።

የመጀመሪያው የማይሆን ነገር ይህ ነበር። በዚያ ትኩሳት፣ በዚያ ጣር ላይ ያለ ከብት ልቡ ከመቶ በላይ መሮጥ አለበት። የዚህ ግን ጥላ ሥር ተኝቶ እንደሚያመሰኳ ጤነኛ በሬ ረጋ ብሎ ይመታል።

ቀና አልሁ። ከሰዉ ኋላ ብረት ድስቱ ተጥዷል። ሴቶቹ ሽንኩርት እየከተፉ ነው። ለሠርጉ ሁለት መቶ ሰው ይመጣል።

"ሞቷል፣" አልሁ።

አያ ይሄይስ ካራውን መሬት ላይ ጣሉት። ቄሱ አማተቡ።

የልጅቷ እጅ ግን ከደረቱ አልተነሳም። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች።

"ይመታል እኮ።"

"አይመታም።"

"እጄ ላይ ይሰማኛል..."

"የራስሽ ነው፣" አልኋት። "የራስሽ ልብ ነው የሚሰማሽ።"

እጇን አነሳች። መዳፏን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ራሷ ደረት ወሰደችው፤ የሆነ ነገር እንደጠፋበት ሰው ወዲያ ወዲህ እያለች ፈለገች።

በሬውን ስምንት ጎረምሳ በገመድ ጎተተው። እግሮቹ አልደረቁም፤ ይተጣጠፋሉ። አባ ሰንጋ የገደለው ከብት አይደርቅም፣ ይህን ተምሬያለሁ፤ ጻፍሁት። ጉድጓዱ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። ኖራና አመድ ነሰነስን። የመጀመሪያው አፈር ፊቱ ላይ ሲያርፍ...

ዓይኑን ጨፈነ።

ይህን አልተማርሁም።

ማታ ደብተሬን ከፈትሁ። "9፡15። ምት 62። ሞቷል ተብሏል።" ማን እንዳለ አልጻፍሁም።

ዓርብ መቀመጥ አቃተኝ። ውሻ ቆፍሮት እንደሆነ ልይ ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁና ከረፋዱ አራት ሰዓት ተመልሼ ሄድሁ። ጉድጓዱ ከመንገዱ ዳር ነው። እሾሁ አልተነካም።

አቻምየለሽ አፈሩ ላይ ጆሮዋን አስደግፋ ተኝታለች።

"ተነሽ። ኖራ አለበት።"

"ቀስ በል። እያዳመጥሁ ነው።"

"ምኑን?"

"አንተ የሰማኸውን።"

ነፋስ አልነበረም። ወፍም አልሰማሁም።

"ስልሳ ሁለት፣" አለች።

ይህች ልጅ ሰዓት ማየት አታውቅም። ደብተሬን ለማንም አላሳየሁም።

"ማን ነገረሽ?"

"የኔ ነው ብለኸኝ አልነበር? የኔን ብፈልገው ግን የለም፣ ሐኪሙ።" እጇን ዘረጋችልኝ። "እስቲ ፈልግልኝ።"

አንጓዋን ያዝሁ። ብርድ ነው። ምቱ አለ፤ ግን ሩቅ ነው፣ ቀጭን ነው። በደቂቃ ሃያ።

ተሳስቻለሁ አልሁ። እንደገና ቆጠርሁ።

አሥራ ዘጠኝ።

"ለእናትሽ ንገሪ።"

"የሠርግ ሥራ ላይ ናቸው፤ ማን ይሰማኛል? አንተ ንገራቸው። ሲመታ ሰምቼ ነው ሞቷል ያልሁ በላቸው። ቃልህን መልስ... ያኔ የኔም ይመለስልኛል።"

ብናገር ጉድጓዱ ይከፈታል። በሽታው ይወጣል። እኔም ከዚያ መንደር በሰላም አልወጣም። ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል አሰብሁት፤ ለእሷ ግን የወጣኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር።

"አልችልም።"

አልተቆጣችም። ጆሮዋን ወደ አፈሩ መለሰች።

ቅዳሜ አጎቷ በሰጠው ወይፈን ሠርጉ ተደገሰ። እኔም "ከበክት ያዳነን ሐኪም" ተብዬ ተጠራሁ። የሙሽራው ወገን በምሽት ደረሰ፤ ዳሱ ሞላ። እሷን እንዳይ አልፈቀዱልኝም፤ ሙሽራ አትታይም አሉ። ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ እግራቸውን እቆጥር ነበር።

እሑድ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሙሽራዋ እናት፣ እታለም፣ ዳሱ ውስጥ መጥተው ነጠላዬን ጎተቱት።

"ልጄ... ና እስቲ። ማንም እንዳይሰማ።"

ተከትያቸው ጓዳ ገባሁ። አቻምየለሽ ለብሳ፣ ኩል ተኩላ፣ መደብ ላይ ተጋድማለች። ዓይኗ ገርበብ ብሏል።

"ደክሟት ነው። ደክሟት ነው በለኝ።"

ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አደረግሁ።

ምንም።

አንድ ደቂቃ... ሁለት... እስከ አምስት ደቂቃ ቆጠርሁ። የምቆጥረው ነገር ግን አልነበረም። የሰዓቴን መስታወት ከአፍንጫዋ አስጠጋሁት፤ አልደበዘዘም። አንጓዋን ይዤ ክንዷን ባነሳው ይተጣጠፋል።

ከውጭ እልልታው ቀለጠ። በቅሎዋ ተጭናለች።

"አለች?" አሉ እናቲቱ። ድምፃቸው አይሰማም፤ ከንፈራቸው ነው የነገረኝ። "አባ እንዳሉት አንተ ያልኸው ነው። አለች በለኝ።"

በደብተሬ ያየሁትንና የሰማሁትን ብጽፍ፣ ሞታለች ነው የምጽፈው።

ልቡ የሚመታውን ሞቷል ብያለሁ።

"አለች፣" አልሁ።

አቻምየለሽ ዓይኗን ገለጠች።

ተነሳች። መከናነቢያዋን አስተካከለች። እናቷን ጉልበታቸውን ሳመች። እኔን አላየችኝም። ሚዜው አቅፎ አውጥቶ በቅሎዋ ላይ አስቀመጣት።

አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ብርዱ ይቆረጥማል። ከዘፋኞቹ አፍ እንፋሎት ይወጣል። ከቄሱ፣ ከአያ ይሄይስ፣ ከበቅሎዋም አፍንጫ ይወጣል። ከሙሽራዋ መከናነቢያ ሥር ግን...

ምንም አይወጣም።

መንገዱ በጉድጓዱ አጠገብ ነው። እኔ ቀድሜ እዚያ ቆሜ ነበር።

ከእሾሁ መሀል፣ ከአፈሩ፣ ነጭ እንፋሎት ብቅ ይላል። ይቆማል። ብቅ ይላል። ይቆማል። ሰዓቴን አወጣሁ። በደቂቃ ሃያ ሁለት።

ማንም ወደዚያ አላየም። ሁሉም ሙሽራዋን ነው የሚያይ።

በቅሎዋ ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ጆሮዋን አቆመች፤ አንዴ ወደ ኋላ አለች። ጎተቷት። አለፈች።

እንፋሎቱ ቆመ።

አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠበቅሁ። አልተመለሰም። አፈሩ አፈር ሆነ።

ዓይኔን ወደ መንገዱ አነሳሁ። ሰልፉ ትንሽ ርቋል፤ ሙሽራዋ ግን በቅሎ ላይ ሆና ወደ ኋላ ዞራ ታየኛለች። ከመከናነቢያዋ ሥር ሁለት ነጭ እንፋሎት፣ ግራና ቀኝ ተከፍሎ፣ ወፍራም ሆኖ ወጣ።

ቆመ። ወጣ።

መከናነቢያዋን በእጇ ገለጥ አደረገችው።

መንጋጋዋ በቀስታ፣ ከቀኝ ወደ ግራ... ከቀኝ ወደ ግራ ይሄድ ነበር።