የተነከሰው ጠፍር

ምድር ከመናወጧ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የዘርማ መንግሥት ምንጮች ሁሉ እንደ ደም ቀሉ። በአራተኛው ቀን ተራራው በከተማዋ ላይ ተናደ።

በዘርማ የቆሰለ ሰው አያቃስትም፤ ምድር ድምፁን ከሰማች ዳግመኛ ትናወጣለች ተብሎ ይታመናልና። ቁስለኛው ሁሉ ጠፍር ይነክሳል። ወጣቷ ወጌሻ ነሐሲት ጠፍሮቹን በጣቷ እየዳሰሰች፣ የጥርስ ምልክቱ የጠለቀበትን አስቀድማ ታክማለች። የወንድሟ የድርባብ ጠፍር ሊበጠስ ደርሷል። የተሰበረ ጭኑን ልትጠግን በነካችው ቁጥር ራሱን ይስታል።

«ሕመሙ ካልበረደለት ነገን አያይም» አለችና እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ማለች። «የሰመመኑን ቅጠል ሳልይዝ ብመለስ የወጌሻ እጅ አይሁነኝ!»

ቅጠሉ ክንፋሙ ዘንዶ ኡምራ በሚጠብቀው ዋሻ ይበቅላል። አብሯት የወጣው ሽማግሌው ወታደር ቀንጠፋ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎ ይችላል?»

«ጉልበቴማ ድሮ ከድቶኛል። አፌን ይዤ ነው የመጣሁት፤ ዘንዶውን በወሬ አደክምልሻለሁ።»

ገደሉ ሥር ሲደርሱ ግን መውጣት አቃተው፤ ነሐሲት የታሰረችበትን ገመድ ይዞ ከታች ቀረ። ነሐሲት ብቻዋን ወጣች። አፋፉ ላይ ሆና ቀንጠፋን ብትጣራ የመለሰላት የራሷ ድምፅ ብቻ ነበር።

ዋሻው ውስጥ ኡምራ ክንፉን አጥፎ ተጋድሟል።

«ሰይፍሽ የታለ?»

«ልለምን ነው የመጣሁት።»

«እኔ እዚህ ሺህ ዘመን ስኖር ከድንጋይ በቀር የዳሰስሁት የለም። የጣቶችሽን ስሜት ስጪኝና ቅጠሉን ውሰጂ።»

«ወጌሻ ያለ ጣቷ ምን ትሆናለች?»

ይህን ብትልም ነሐሲት ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋችለት።

ከተማ ከተመለሱ በኋላ ድርባብ የቅጠሉን ውሃ ሲጠጣ መንጋጋው ላላ፤ ጠፍሩ ከአፉ ወደቀ። ነሐሲት ጭኑን ዳሰሰች። አጥንቱን አላገኘችውም።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያውሱኝ።»

«እኔ? እኔ የማውቀው መስበር ነው!»

«ዛሬ ይጠግናሉ። እዚህ ጋ ይጫኑ። ምን አገኙ?»

«እንደ ደረጃ ያለ ነገር።»

«ደረጃው እስኪጠፋ እግሩን ይሳቡ።»

አጥንቱ ገጠመ። ድርባብ ሳይነቃ ተነፈሰ። ቅጠሉም ለቁስለኛው ሁሉ ተዳረሰ፤ ያን ቀን በዘርማ ቁስለኛው ሁሉ ጠፍር ሳይነክስ ተኛ።

በማግሥቱ ድርባብ ሲነቃ እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ የእሱን ጠፍር በጣቷ ትዳስሳለች።

«በጣም ነክሼው ነበር እንዴ?» አላት እጇን ይዞ።

ነሐሲት እጇን እንደያዘው ያወቀችው ዝቅ ብላ ስታይ ነው።