የአቶ ወሰኔ ውርስ አጣሪ

ሬሳው በጓሮ፣ ከፈረሱ ካስማ አጠገብ በጀርባው ተጋድሟል። መሐል አናቱ ተሰንጥቆ ደሙ ከሽበቱ ጋር ተጣብቆ ደርቋል። የ፲፱፻፺፮ ዓ.ም. ኅዳር ነው፤ የካቡ ጥላ ያረፈበት ሣር ላይ ሌሊት የጣለው ውርጭ ገና አልቀለጠም።

ኢንስፔክተር አዛለች ማዕረግ ከሚባል ኮንስታብል ጋር ከሞላሌ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ፣ ቀድሞ የተቀበላት የቤቱ ልጅ ማሙሽ ነበር።

«ፈረሱ ረግጧቸው ነው። ድሮም ይራገጣል» አላት። ሬሳውን አሻግሮ እያየም፣ «እንግዲህ የታሸገው ጎተራ ይከፈትልን ይሆን?» ሲል ጠየቃት።

አዛለች አልፋው ወደ ሬሳው ሄደች።

ሟቹ አቶ አፈወርቅ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የዚህ ቤት ባለቤት አቶ ወሰኔ በመስከረም ሲሞቱ፣ ፍርድ ቤት ውርስ አጣሪ አድርጎ የሾማቸው እሳቸውን ነበር። አጣሪው ጎተራውንና ሣጥኑን አሽገው፣ ውርሱ ተጣርቶ እስኪያልቅ እዚሁ እልፍኝ ውስጥ ያድሩ ነበር።

አዛለች ተንበረከከች። ጋቢውን በእጇ ዳበሰችው፤ ደረቅ ነው። ሬሳውን በጎኑ አዙራ ከሥሩ ያለውን ሣር አየች። ነጭ ነው፣ ይቀዘቅዛል። ከዚያ የጋቢው ጫፍ ላይ ጠበቅ ያለች ቋጠሮ አየችና ፈታቻት። ገንዘብ መስሏት ነበር። ከውስጧ የወጣው የተቆረጠ የበግ ጆሮ ነው፤ ጠርዙ ሁለት ቦታ ተሸርፏል፣ መሽተት ጀምሯል።

«ይሄንን ያዝ» አለችው ማዕረግን። ማዕረግ ፊቱን አዙሮ ተቀበላት።

የአቶ ወሰኔ ሚስት ወይዘሮ ጥሩሸዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። የደረቡት አዲስ የበግ ጠጉር ባና ነው፤ ከጫፉ የማሸጊያው ክርና ሰም ተንጠልጥሏል።

«ይህ ባና ከታሸገው ሣጥን አይደለም?»

«የባሌ ነው! ሰውየው እኮ በገዛ ቤቴ በብርድ ሊገድለኝ ነበር።»

«መቼ አወጡት?»

ሴትዮዋ መሬት መሬት አዩ። «ዛሬ ጧት።»

«ሬሳውን ካዩ በኋላ?»

«ታዲያ እሱ ምን ያደርግለታል?»

«አቶ አፈወርቅ ትናንት መቼ ነበር ከቤት የወጡት?»

«ከቀትር በኋላ። እግራቸው አንካሳ ስለሆነ ያለ ከዘራ አይራመዱም፤ ከዘራቸው ድንጋዩ ላይ ኳ፣ ኳ ሲል ነው የማውቃቸው። ሲመለሱ ግን አልሰማሁም።»

አዛለች ጓሮውን ዞራ ፈለገች። ከዘራ የለም።

«ማሙሽ፣ የአባትህ በጎች ምልክታቸው ምንድን ነው?»

«ቀኝ ጆሯቸው ሁለት ቦታ የተሸረፈ።»

«እዚህ ያሉት ብቻ ናቸው?»

«ሌላም፣ ሰው አርብቶ ግልገሉን እንዲካፈል በርቢ የሰጣቸው ነበሩ። ለማን እንደሰጠ ግን ሳይነግረን ሞተ።»

ይህን ጊዜ የአቶ ወሰኔ ታናሽ ወንድም አቶ ገብረ ክርስቶስ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ደረሱ። ቤታቸው ከካቡ ማዶ፣ ቁልቁል ነው።

«እግዜር ነፍሱን ይማረው፤ ደግ ሰው ነበር» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ትናንት ማታ ፈረሱን ሊያስር ሲገባ ከካቡ ላይ ሆኜ አየሁት፣ ልጄ። ሲያነክስ፣ በከዘራው እየተደገፈ። ምነው ተው ባልኩት ኖሮ!»

«ሌሊቱን እዚሁ ወድቀው አደሩ ማለት ነው?»

«እንዴታ! ማን ያንሳው?»

«ቤትዎን ብናይ ይፈቅዳሉ?»

ሽማግሌው ትንሽ ዘገዩና ወደ ታች መሯት። ገና ወደ ጉረኖው ሲቃረቡ ክፉ ሽታ አፍንጫዋን መታት። በጎቹ ራሳቸውን እያራገፉ ይተራመሳሉ። ቀኝ ጆሯቸው ከሥሩ ተቆርጦ፣ ቁስሉ መግል ቋጥሮ ዝንብ ወሮታል።

«ምን ሆነው ነው?»

«በሽታ ነው፣ ልጄ። ጆሮ የሚያበሰብስ በሽታ ገባብን።»

«ቀኙን ብቻ መርጦ?»

ሽማግሌው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አዛለች ማዕረግን ወደ ፍጉ ክምር በዓይኗ አሳየችውና ሽማግሌውን ይዛ ተመለሰች።

ሁሉንም ሬሳው ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ፈረስ የቆመን ሰው ደረቱን ወይ ሆዱን ይመታል እንጂ መሐል አናቱን አይፈልጥም» ስትል ጀመረች። «ደግሞም ውርጭ ከላይ ነው የሚወርደው። እዚህ ያደሩ ቢሆን ጋቢያቸው ይነጣ ነበር፤ ከሥራቸው ያለው ሣር ደረቅ ይሆን ነበር። እኔ ያገኘሁት ተቃራኒውን ነው። ስለዚህ ውርጩ ከጣለ በኋላ፣ ሊነጋጋ ሲል ሬሳቸውን አምጥቶ እዚህ ያስተኛ ሰው አለ። ከዘራቸው አብሮ አልመጣም፤ በእግራቸው አልመጡማ!»

«ማን ነው?» አለ ማሙሽ።

«አንተ ጎተራው እንዲከፈት ቸኩለሃል፤ ወይዘሮ ጥሩሸዋም ሣጥን ሰብረዋል። ሁለታችሁም የተመኛችሁት ግን እዚሁ ግቢ የታሸገውን ነው። አጣሪ ሥራው ማሸግ ብቻ አይደለም። የሟች ሀብት በማንም እጅ ቢሆን ጠይቆ የመሰብሰብ መብት አለው፣ ግዴታም አለበት። አቶ አፈወርቅ የርቢውን በግ ፍለጋ ወጡ። ከአንድ ጉረኖ ደጅ፣ ምልክቱ እንዳይታወቅ ተቆርጦ የወደቀ ጆሮ አገኙ፤ ምልክቱን ለይተው ማስረጃ ይሆናል ብለው ቋጠሩት። ገዳዩ ቋጠሮውን አላየም።»

ማዕረግ ፍግ የተለወሰ ከዘራ ይዞ መጣ። እጀታው ላይ ደምና ሽበት ተጣብቋል።

«ከአቶ ገብረ ክርስቶስ ፍግ ሥር ነው» አለ።

አዛለች ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ትናንት ማታ በከዘራው ተደግፎ ሲገባ አየሁት ብለህ ነበር። ከዘራው ያን ጊዜ አንተ ዘንድ ነበር።»

እስካሁን እርስዎ ስትላቸው የቆየችው ሴት አንተ ስትላቸው ሽማግሌውን ከጥፊ ይልቅ ያ አስደነገጣቸው።

«ያረባኋቸው እኔ!» ብለው ጮኹ። «በረዶ የመታኝ እኔ! በገዛ ደጄ ቆሞ ‹የወራሾቹ ነው፣ መልስ› ይለኛል? ለምኜዋለሁ፤ አንድ ሙክት ልስጥህ ብዬዋለሁ። ‹አጣሪ ከውርሱ ለራሱ አይወስድም› አለኝ። ከዘራውን ነጠቅሁት...»

ማዕረግ እጃቸውን ወደ ኋላ አሰረ።

«እንግዲያ በጎቹ የኛ ናቸዋ?» አለ ማሙሽ።

«ድርሻዬስ?» አሉ ጥሩሸዋ ባናቸውን እየሰበሰቡ።

አዛለች አንገሸገሻት። «ፍርድ ቤት ሌላ አጣሪ እስኪሾም አንዲት ጠጉር አትነኩም። ቃሬዛ አምጡ!»

ቃሬዛው መጣ። ጥሩሸዋ ወገቤን አሉ። አዛለች ከራስጌው ጎንበስ ብላ ያዘች፤ ከግርጌው የሚይዝ ሰው ፍለጋ ቀና ስትል ማሙሽ ካቡን ተሻግሮ፣ አፍንጫውን በጋቢው ይዞ፣ ጆሮ የሌላቸውን በጎች ይቆጥር ነበር።