መጀመሪያ የሚጠራው ስም

ሳንዳ የእቅዱን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አራተኛው መስመር ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ሰንሰለት። መጀመሪያ የሚጠራ፣ ቲቱ።

«ቲቱ? የራሬሽ ትንሽ ወንድም?» አለች ጓደኛዋ ላቪኒያ፣ በትከሻዋ በኩል አጮልቃ እያየች። «ያ ሚጢጢ? በማን በማን መሃል ልታስሮጪው ነው?»

«በእኔና ባንቺ መሃል።»

ላቪኒያ ገባት። «ሳንዳ፣ እሱ እኮ ያኔ ገና ጡት የሚጠባ ነበር።»

«እኔስ ያኔ ምን አድርጌ ነበር?»

በልጆች ቀን ስምንተኛ ክፍሎች ለዜሮ ክፍል ልጆች የሩጫና የዝላይ ጨዋታ ያዘጋጃሉ። ዘንድሮ መምህሯ እትዬ ኦልጉታ እቅዱን ለሳንዳ ሰጧት። የከረጢት ዝላይ አለ፣ ዳክዬና አዳኝ አለ፣ መጨረሻ ላይ ሰንሰለት። በሩማንያ ሰንሰለትን የማያውቅ ልጅ የለም። ሁለት ቡድን እጅ ለእጅ ተያይዞ ፊት ለፊት ይሰለፋል። አንዱ «አገር፣ አገር፣ ወታደር እንፈልጋለን» ሲል ሌላው «ማንን?» ይላል። ስሙ የተጠራው እየሮጠ የጠሪዎቹ ሰንሰለት ላይ ይወረወራል። ካልበጠሰ እዚያው ይቀራል፣ የእነሱ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠራው ደካማው ነው። ይህንንም የማያውቅ የለም።

ሳንዳ ሁልጊዜ መጀመሪያ ትጠራ ነበር። ሁለተኛ ክፍል እያለች ዓይኗን ጨፍና ስትመጣ ራሬሽ የያዘውን እጅ ለቀቀው። ሲሚንቶው ላይ በፊቷ ተደፋች፤ የፊት ጥርሷ ግማሹ እዚያው ቀረ። «እሰይ፣ በጠሰችው» ብለው ሳቁባት። ራሬሽ «እጄ አልቦኝ ነው» አለ። የዳይሬክተር ልጅ አላበኝ ካለ ይታመናል። የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ ግን «ፊት ለፊትሽን አታይም?» ትባላለች። ይኸው ስድስተኛ ዓመቱ፣ አፏን በእጇ ሳትሸፍን ስቃ አታውቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በበዓሉ ጠዋት ቲቱ የጫማውን ክር እየጎተተ ግቢው ውስጥ ሳንዳ ወደቆመችበት ትልቅ ዛፍ ሥር መጣ።

«ሳንዳ፣ እኔንም ትጠሩኛላችሁ?»

«መጀመሪያ።»

ፊቱ በራ። እግሩን ዘረጋላት፤ ሳትወድ አጎንብሳ ታስርለት ጀመር።

«ራሬሽ ምን አለኝ መሰለሽ? ስትሮጥ ዓይንህን እንዳትጨፍን አለኝ። እጅ የሚለቁ ልጆች አሉ አለ።»

«ማን ለቆ ያውቃል?»

ቲቱ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። «እሱ ራሱ። ድሮ አንዷ ላይ ሆነ ብሎ ለቀቀና ጥርሷ ተሰበረ። ለማንም እንዳትናገር ብሎኛል።»

ሳንዳ ክሩ ላይ እጇ ቀጥ አለ። ራሬሽ እጁ አልቦት አልነበረም ለካ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያውቃል። የወንድሙ ጥርስ ሲሆን አሳሳው።

ሁለት ጊዜ አጥብቃ ቋጠረችለትና ቀና አለች። ወረቀቱን አወጣች፤ ቲቱ የሚለውን ሰርዛ በላዩ ራሬሽ ብላ ጻፈች። ትልልቆቹ አይጠሩም የሚል ሕግ የለም። ቢኖርም እቅዱን ያወጣችው እሷ ናት።

የሰንሰለቱ ተራ ሲደርስ ራሬሽ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በወዲያኛው መስመር ከነቲቱ ጋር ቆሟል።

«ማንን?» አሉ ልጆቹ።

«ራሬሽን» አለች ሳንዳ።

«እኔን?» አለ ራሬሽ። «ተይ እንጂ፣ ጨዋታው የሕፃናቱ ነው።»

«ትልቁ ፈራ» አለ አንድ የወተት ጥርሱ የወለቀ ልጅ፤ ግቢው በሳቅ ሞላ።

ራሬሽ ሮጠ። ሳንዳ የላቪኒያን እጅ ይዛ ጠበቀችው፤ አፏን ሳትሸፍን ሳቀችለት። የተሰበረው ጥርሷ ፀሐይ ላይ ታየ። ሦስት እርምጃ ሲቀረው ዓይኑ ከጥርሷ ወደ እጇ ወረደ። ሁለት መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ዘገመ፤ ሰንሰለቱንም በር እንደሚገፋ ሰው በሆዱ ነካ አደረገው። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

ቲቱ ብቻ አልሳቀም። ወንድሙን አየ፣ የሳንዳን ጥርስ አየ፣ ደግሞ ወንድሙን አየ።

«አልበጠስክም፤ የእኛ ነህ» አለች ሳንዳ። «እጅህን ስጠኝ።»

በእሷና በላቪኒያ መሃል ገባ። እጁ በላብ ርሷል።

«አገር፣ አገር፣ ወታደር እንፈልጋለን።»

«ማንን?»

ላቪኒያ አንገቷን አስግጋ ሳንዳን አየቻት።

«ቲቱን» አለች ሳንዳ።

ቲቱ ተነሣ። በሳንዳና በወንድሙ መሃል ያነጣጥራል፤ ዓይኑ ክፍት ነው፤ የሚያየውም የወንድሙን እጅ ነው።

ሳንዳ የራሬሽን የራሰ መዳፍ ትታ የእጁን አንጓ ጨበጠች።

«አጥብቀህ ያዝ» አለችው።