ቁጥር ዘጠኝ በትር

ተረት ቢሆን ኖሮ የተሻለ አሳምሬ እፈጥረው ነበር። አልፈጠርኩትም። ሆኗል።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ወሩ ጥቅምት። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአስር።

ልብ በሉ፣ ከቀኑ ነው ያልኩት። ጨለማ የለም። ዝናብ ብቻ...

ቦታው ሊትሪም በሚባል አውራጃ ውስጥ ያለው የባሊንሬን ባቡር ጣቢያ ነው። ባቡር ካየ ስልሳ ዓመት አልፎታል።

ማላኪ እባላለሁ። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ሰባት ሆነን ጣቢያውን ትንሽ ሙዚየም አድርገነዋል። የእኔ ድርሻ በዚያ መስመር ላይ የሠራውን ሎኮሞቲቭ፣ ፉርጎ፣ ፋኖስና ደወል ሁሉ ታሪኩን አጣርቼ መጽሐፍ ማድረግ ነው።

ቀላል ይመስላል አይደል?

ፉርጎ ቁጥር አሥራ አራትን ያገኘሁት የዶሮ ቤት ሆኖ ነው። ኩሱን ፍቄ ለመጨረስ አንድ በጋ ሙሉ ፈጀብኝ። አራቱ የበር እጀታዎቹ ከአራት ሰው ቤት ተለቀሙ። ሎኮሞቲቩ ቦይለሩን ስንት ጊዜ እንደቀየረ ለማወቅ ለአንድ መዝገብ ቤት አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ። የመለሱልኝ አንድ ነው። እሱም "ደብዳቤዎ ደርሶናል" ይላል።

ይሄን ሁሉ ችያለሁ። አንጀቴን ያሳረረኝ ግን በትሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስመራችን ነጠላ ሐዲድ ነበር። ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይላተም በሁለቱም ጫፍ፣ እዚህ ባሊንሬንና እዚያ ድሩምካራ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ቀይ የብረት ሳጥን ቆሞ ነበር። ሁለቱ ሳጥኖች በሽቦ የተያያዙ ናቸው። በውስጣቸው የብረት በትሮች አሉ። በትር በእጁ ያልያዘ ነጂ ከጣቢያ አይወጣም።

በትር ለማውጣት ደግሞ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለው ሰው በደወል መፍቀድ አለበት። አንድ በትር ከወጣ፣ ተመልሶ እስኪገባ ድረስ ሁለቱም ሳጥኖች ይቆለፋሉ። ሌላ ባቡር አይንቀሳቀስም።

ቆንጆ ዘዴ ነው። እንኳን ሰው፣ ሰይጣንም አያልፈው... እል ነበር ለጎብኚዎች።

የእኛ ሳጥን አለ። የድሩምካራው ግን የለም። ጣቢያው ፈርሷል፣ ሳጥኑ ለቁርጥራጭ ብረት ተሽጧል፣ ቦታው ላይ ጥድ ተተክሏል።

ከሃያ አራቱ በትሮች ሃያ ሦስቱ ተገኙ። ቁጥር ዘጠኝ የለም።

ጋዜጣ ላይ አስነገርኩ። አንዱ የአካፋ እጀታ ፎቶ ላከልኝ። ሌላው የአልጋ እግር።

በዚህ ምክንያት የሳጥኑ መርፌ "መስመሩ ተይዟል" የሚለው ላይ ተቸንክሮ ቀረ። መጽሐፌም "ጎደሎ" የምትል ቃል ታቅፎ ተቀመጠ።

ሦስት ዓመት!

ታዲያ ያን ሳምንት ሐሙስ ሚስስ ቱሂ ቤት ሄድኩ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ብቻቸውን የሚኖሩት ከጣቢያው ወደ ላይ፣ በድሩምካራ በኩል፣ ሐዲዱ መንገዱን ያቋርጥበት በነበረው ቦታ ላይ ነው። ባቡር ሲያልፍ መንገዱን ከወዲህና ከወዲያ የሚዘጉት ሁለቱ ነጫጭ በሮች እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ ዝገው ክፍት እንደሆኑ ቀርተዋል። አባታቸው ባሊንሬን ላይ ያንን ቀይ ሳጥን የሚያሠሩ ሰው ነበሩ። የሄድኩት የአባታቸውን ፎቶ ለመለመን ነው።

ሻይ ቀዱልኝ። ዞር ስል የጓሮው በር በብረት ተቀርቅሯል።

ብረቱ ላይ ቀለበቶች አሉ። ጫፉ ላይ ቁጥር ተቀርጿል።

ዘጠኝ።

"ሚስስ ቱሂ... ያ ምንድን ነው?"

"መቀርቀሪያ ነዋ። ዓይንህ ደከመ እንዴ?"

"አራት ጊዜ መጥቼ ጠይቄዎታለሁ! እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ!"

"የባቡር በትር አለዎት ወይ ነው ያልከኝ። መቀርቀሪያ አለዎት ወይ አላልከኝም።"

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሰው የሚሰማቸው ይመስል...

"አባቴ ነው ያመጣው። ሐዲዱ ከተነቀለ በኋላ።"

"አይሆንም" አልኳቸው። "ከወዲያ ሰው ካልፈቀደ በትር አይወጣም። ያኔ ድሩምካራ ማንም አልነበረም።"

"እሱን እኮ ነው የምልህ።"

ሲኒዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ደወሉ በየቀኑ ይጠይቀው ነበር። ባቡር እንላክ ይሉታል። አይመልስላቸውም። ይጠይቃሉ... አይመልስም። አንድ ቀን ቀደማቸውና እሱ ጠየቀ። በትር ስጡኝ አለ። ሰጡት። ይዞት ቤቱ ገባ። ይሄ ከሳጥኑ ውጪ እስካለ ድረስ ምንም ሊልኩ አይችሉም።"

"እነማን?"

"ሻይህ ቀዘቀዘ።"

የአሮጊት ወሬ ነው አልኩ በልቤ። ለመንኳቸው። ለሁለት ቀን ብቻ፣ ለክቼና ፎቶ አንስቼ ልመልስ አልኩ። ብዙ ካቅማሙ በኋላ በሩን በወንበር አስደግፈው በትሩን ሰጡኝ።

"ለካው። ፎቶ አንሳው። ከፈለግህም ሳመው። ሳጥኑ ውስጥ ግን እንዳትከተው። ማል።"

"ማልኩ።"

"በእናትህ መቃብር በል።"

"በእናቴ መቃብር።"

እናቴ ይቅር ትበለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጣቢያው ውስጥ ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና ጀራርዲን። ጀራርዲን የማኅበራችን ኤሌክትሪሺያን ናት። ምላሷ ከሽቦ መቁረጫዋ ይስላል። የሚስስ ቱሂን ወሬ ሁሉ ነግሬያታለሁ።

በትሩን ለካሁ። ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ሳጥኑ ፊት ቆምኩ።

"አታደርገውም" አለችኝ።

"ልክ መሆኑን ካላየሁ ምን ብዬ ነው የምጽፈው?"

"ምለሃል፣ ማላኪ።"

"ሦስት ዓመት ጀራርዲን! የዶሮ ኩስ ስፍቅ፣ የአልጋ እግር ፎቶ ሳይ ሦስት ዓመት! አንድ ጊዜ አስገብቼ አወጣዋለሁ። ማን ያያል?"

አስገባሁት።

እንደ ቅቤ ነው የገባው። ስልሳ ዓመት በር ሲቀረቅር የኖረ ብረት አይመስልም።

ቀጭ።

መርፌው በቀስታ ዞረ...

"መስመሩ ነፃ ነው።"

"አየሽ?" አልኳት። እጄን ወደ ላይ አነሳሁ፣ ጎል እንዳገባ ሰው።

ጀራርዲን አልሳቀችም። ከሳጥኑ ጀርባ ጎንበስ ብላ ሽቦውን ጎትታ አወጣች። ጫፉ ተቆርጧል። ከምንም ጋር አልተገናኘም።

"ባትሪም የለውም" አለች። "መርፌው በምን ዞረ?"

ያን ጊዜ ነው ደወሉ የመታው።

አንድ ምት።

ተያየን።

አንድ ምት... "ትሰማለህ?" ማለት ነው። እኔው ነኝ ከደንቡ መጽሐፍ የገለበጥኩት።

"አትመልስ" አለች በሹክሹክታ።

"አልመልስም።"

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ደወሉ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ አራት ጊዜ መታ። ቀስ ብሎ። በትዕግሥት።

"ባቡር ልላክ?"

በትሩን ያዝኩና ሳብኩት። አልወጣም። ጠመዘዝኩት። አልወጣም። ጀራርዲንም ያዘች፣ ሁለታችን ጎተትን፣ እግሬን ሳጥኑ ላይ አስደግፌ ሳብኩ። ላብ አጠመቀኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አልገኝ ያለኝ ብረት አሁን ደግሞ አልለቅም አለኝ!

ደወሉ እንደገና አራት ጊዜ መታ።

"ጠይቀህ ነው የምታወጣው" አለች ጀራርዲን። "የሚስስ ቱሂ አባት እንዳደረጉት። ቅደማቸው!"

ልክ ናት። በትር መጠየቅም የሚጀምረው በዚያው በአንድ ምት ነው።

አሰብኩ? አላሰብኩም። ሳጥኑ ላይ ያለውን የደወል ቁልፍ አንድ ጊዜ መታሁ።

እጄን ሳላነሳ ገባኝ።

"ምን ሆንክ?"

"እሺታም..." አልኩ። "ለተጠየቀ ሰው እሺታም አንድ ምት ነው። ጥያቄያቸውን እሺ አልኩ።"

መርፌው ዞረ። "መስመሩ ተይዟል።"

ደወሉ ሁለት ጊዜ መታ።

ሁለት ምት "ተነሥቷል" ማለት ነው።

ከድሩምካራ እስከ ሚስስ ቱሂ በር በባቡር አሥራ አራት ደቂቃ ነው። የጊዜ ሰሌዳውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ስልክ ደወልኩላቸው። ይጠራል፣ አያነሱም። መልሼ ደወልኩ። አያነሱም። ሰው እንዴት ስልኩን አያነሳም!

"መኪናህ የት ነው?"

"ፊት ለፊት።"

ሮጥን።

የመኪናው ቁልፍ አልገኝ አለኝ። ከዚያ ሞተሩ አልነሳ አለ። ጀራርዲን የማይጻፍ ስድብ ሰደበችው፤ ተነሳ። ዝናቡ መስታወቱን ያጥባል። በስተግራችን ሐዲዱ የነበረበት ከፍ ያለ መሬት በየሜዳው መሐል ይሄዳል፣ አሁን የላም ግጦሽ ነው።

አንድም ላም የለበትም። ሁሉም አጥር ጥግ ተኮልኩለው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረዋል።

"አየህ?" አለች።

"አላየሁም" አልኳት። አይቻለሁ።

መታጠፊያውን ስንጨርስ ፍሬን ያዝኩ።

ስልሳ ዓመት ክፍት ሆነው የዛጉት ሁለቱ ነጫጭ በሮች ተዘግተዋል። መንገዱን ግጥም አድርገው።

ከፊታችን የዳቦ መኪና ቆሟል። ሞተሩን አጥፍቶ። ወርጄ የሹፌሩን መስኮት አንኳኳሁ። ጎረምሳ አይደለም፣ ትልቅ ሰውዬ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል።

"ምን ሆነው ነው የቆሙት?"

"ባቡር እስኪያልፍ ነዋ" አለኝ፣ ተራ ነገር እንደሚናገር ሰው።

ከዚያ ፊቱ ቀስ ብሎ ተለወጠ።

"የቱ ባቡር?" አለኝ። እኔን ነው የሚጠይቀኝ። "ወንድሜ... የቱን ባቡር ነው የምጠብቀው?"

ሚስስ ቱሂ ከበሮቹ ወዲያ ማዶ ቆመዋል። ኮት አልደረቡም። ነጭ ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል። በእጃቸው ቀይ ጨርቅ ይዘው ወደ ባዶው ሜዳ ይጮኻሉ።

"እዚህ የሚወርድ የለም! ይለፍ! እዚህ የሚወርድ የለም!"

ምንም አይታይም። ምንም አይሰማም። ዝናቡ ብቻ...

ዝናቡ።

በሁለቱ በሮች መሐል መንገዱ ላይ ውኃ ተኝቷል። ከበሩ ወዲህ ያለው ውኃ በጠብታ ይፈላል። መሐል ያለው ግን እንደ መስታወት ረግቷል። አንድም ጠብታ አይወድቅበትም። ቀና አልኩ። ሣሩም እንደዚያው ነው፤ በግራም በቀኝም ዓይኔ እስከደረሰ ድረስ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ዝናብ የማይነካው መሬት። ጠርዙ ላይ ውኃው እንደ ጣሪያ ክፈፍ ይንጠባጠባል።

ባቡሩ እያለፈ አይደለም። ቆሟል።

"ሚስስ ቱሂ!"

ዞሩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ደክሟቸዋል።

"በትሩን አምጥተሃል?"

"አልወጣ አለኝ። ሞከርኩ... እግዚአብሔር ያውቃል ሞከርኩ።"

ቀይ ጨርቃቸውን ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉ።

"በል መኪናህ ውስጥ ግባ፣ ልጄ። መስኮቱን ዝጋ። ማንንም እንዳታሳፍር።"

ገባሁ። ጀራርዲን እጄን ጨምቃ ያዘች። እሷ እጅ የምትይዝ ሴት አይደለችም።

ያኔ አየነው። ዝናብ ከማይነካው መሬት ጠርዝ፣ ውኃው በሚፈላበት በኩል አንድ ክብ የረጋ ቦታ ወጣ። የአንድ ሰው ትከሻ ያህል ስፋት አለው። ትንሽ ቆመ... ከዚያ ወደፊት ሄደ። ከኋላው ሌላ ክብ። ከኋላው ሌላ። በሩ ሥር ሾልከው መንገዱ ላይ ወጡ።

ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት ላይ አቆምኩ። አንዳንዶቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። አንዳንዶቹ ትናንሽ ናቸው።

አንዱ መስኮቴ አጠገብ ቆመ። መስታወቱ ላይ የነበረው የጠብታ ድምፅ በእኔ በኩል ብቻ ጠፋ። በጀራርዲን በኩል ይዘንባል። በእኔ በኩል ጸጥ...

"አትመልከት" አለችኝ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

በእኔ በኩል ያለው የመኪናው በር እጀታ አንድ ጊዜ ዝቅ አለ። ተቆልፏል። ቀስ ብሎ ተመለሰ።

ጠብታው እንደገና መምታት ጀመረ። አልፎ ሄዷል። ሁሉም ተራ በተራ በዳቦው መኪናና በእኛ ጎን አልፈው ወደ መንደሩ ወረዱ።

አንዱ ብቻ አልሄደም።

ሚስስ ቱሂ አጠገብ ቆሟል። እሳቸው ላይ ዝናቡ መዝነቡን አቆመ። ዙሪያቸውን ይወርዳል፤ እሳቸው ላይ ግን የለም። ቀና ብለው አላዩም። የቀኝ እጅጌያቸው ክርናቸው ላይ ተጨማደደ፣ አንድ ሰው እንደያዘው። ክንዳቸው በራሱ ታጠፈ።

ወደ እኛ አይተው፣ የመጣውን እንደሚያውቁት ሁሉ፣ ራሳቸውን ትንሽ ነቀነቁ።

ከዚያ ወደ ቤታቸው መራመድ ጀመሩ፣ በሌላ ሰው እርምጃ ልክ፣ ቀስ ብለው። ዝናቡ በሁለት ሰው ስፋት ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ይሰጣቸዋል...