ሙዚቃው ሲቆም አትንቀሳቀሺ

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። በእኔና በልጄ ላይ የደረሰ ነው። የማታምኑ ካላችሁ፣ እባካችሁ ብቻ ልጆቻችሁ ምን እንደሚጫወቱ ጠይቋቸው።

እኛ አገር፣ ሙልታን ከተማ፣ ሰኔ የሙቀት ወር ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር።

በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል። እኔ ግን ውስጠኛው ክፍል ቁጭ ብዬ የማንበቢያ መጽሐፌን በጣቴ እየተከተልኩ ነበር። ፊደል የጀመርኩት ዘንድሮ ነው።

ልጄ ሱምብል አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ «አሚ» ትለኛለች፣ እማዬ ማለቷ ነው። በሩ አጠገብ ባለው ክፍል ጌም ትጫወታለች።

ጌሙ ያስጨንቀኛል። ሰው የሌለበት ቤት፣ ጨለማ መተላለፊያ... ሙዚቃው ግን ደስ ይላል። ቀስ ያለ፣ እሹሩሩ የሚመስል።

አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር።

«ይሄ ሙዚቃ አንዳንዴ ለምንድነው የሚቆመው?»

«አሚ፣ ሙዚቃው ካለ ማንም አላየሽም ማለት ነው። ከቆመ... አጠገብሽ መጥቷል።»

«ማን?»

«እሱማ አይታይም። ዝም ብለሽ ትቆሚያለሽ። ሙዚቃው ሲመለስ፣ ሄዷል።»

«ብሮጥስ?»

«አንቺ? በዚህ ጉልበትሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። «ድምፅሽን ከሰማማ አለቀልሽ። ከዚያ በኋላ አይለቅሽም።»

በዚያ የሰኔ ቀን መብራት ሄደ።

ማራገቢያው ፍጥነቱ እየቀነሰ ቆመ። አልደነገጥኩም፤ በሙቀቱ ወራት መብራት በቀን ስንቴ ይሄዳል።

ሙዚቃው ግን አልቆመም።

«ሱምብል! በምንድነው የምታጫውቺው?»

«ምኑን?»

መልሱ የመጣው ከኋላዬ ነው።

ፀጉሯን ታጥባ ከመታጠቢያ ቤት እየወጣች ነበር።

«አሚ... ጌሙን እኮ ቅድም አጥፍቼዋለሁ።»

ሁለታችንም ወደዚያ ክፍል አየን። ወደ ውጭ መውጫው በዚያ በኩል ብቻ ነው። መስኮታችን የብረት ፍርግርግ አለው።

ከዚያ ሙዚቃው ቆመ።

መንገድ ላይ ኩልፊ የሚባለውን አይስክሬም የሚሸጠው ሰውዬ ደወል ሲያቃጭል ነበር። እሱም ቆመ። ቁራዎቹም ዝም አሉ...

«አትንቀሳቀሺ» አለችኝ፣ በከንፈሯ ብቻ።

ከፀጉሯ ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

ጠብ...

ጠብ...

እጄን ቀስ አድርጌ ዘረጋሁና ጠብታውን በመዳፌ ተቀበልኩት።

ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምን አላውቅም። መዳፌ ሞልቶ ሊፈስ ሲል፣ ማራገቢያው መዞር ጀመረ።

እኛ ሰፈር መብራት ሲመጣ ልጅ አዋቂው በአንድ ድምፅ ይጮኻል። ሱምብልም አፍ ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ የለመደችው ነው። ሳታስበው...

«መብራት መጣ!»

ብቻዋን ነበር የጮኸችው። ከጎረቤት አንድም ሰው አልጮኸም።

ሙዚቃው ገና አልተመለሰም ነበር።

አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ከበሩ ክፍል ወንበር ሲንቋቋ ሰማን። ሰው ከተቀመጠበት ሲነሳ እንደሚንቋቋው...

ወዲያው ሙዚቃው ጀመረ። ደወሉም፣ ቁራዎቹም፣ የጎረቤቱም ጩኸት አንድ ላይ ተመለሱ። ገብቼ ሳይ ክፍሉ ባዶ ነው። ጌሙ እንደጠፋ ነው።

ወንበሩ ግን ወደ እኛ ዞሯል።

ጌሙን ሰባብሬ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ አይጠፋም። መብራት ቢሄድም በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ስንተኛም ይዘፍናል። ሱምብል ካጠገቤ አትርቅም፣ እኔም አልለያትም።

አሁንም ይህን ስጽፍ ሬዲዮው ጮክ ብሎ እየዘፈነ ነው። ሱምብል ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች።

ትልጥ ነበር።

ሬዲዮው አሁንም ይሰማኛል፤ ቢላዋው ግን እጇ ላይ ቆሟል። ዓይኖቿ ከትከሻዬ በላይ ያያሉ። ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው...

«አሚ... ሬዲዮውን ለምን አጠፋሽው?»